ለካዮቲ አደን ስኮፕ ሲመርጡ፦ ማዞሪያዎቹ ምን ይሠራሉ? የትኛውስ ይሻላል?

ለካዮቲ አደን የጠመንጃ ስኮፕ፣ ማለትም ጠመንጃ ላይ የሚታሰር አጉልቶ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ ልግዛ ብሎ አሜሪካ ውስጥ ሱቅ የገባ ሰው ቶሎ ግራ ይጋባል። አንዱ ስኮፕ ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ትልልቅ ማዞሪያዎች ጎልተው ይታያሉ። ሌላው ላይ ማዞሪያዎቹ በክዳን ተሸፍነዋል። ሻጩ ስለ ኤምኦኤ፣ ስለ ሚል፣ ስለ ዜሮ ስቶፕ ያወራል። ዋጋው ከ200 ዶላር ይጀምርና ከ3 ሺህ በላይ ይወጣል።

ብዙ ሰው ማዞሪያው በተለቀ ቁጥር ስኮፑ የተሻለ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ስኮፑን መምረጥ ያለበት እርስዎ በእውነት የሚተኩሱበት ርቀት ነው። ይህንን ቁጥር ለራስዎ በሐቅ ከመለሱ ሌላው ሁሉ ይቀላል።

ካዮቲ እንዴት ይታደናል?

ካዮቲ የሰሜን አሜሪካ እንስሳ ነው። የተኩላ ዘመድ ነው። ከባሌና ከሰሜን ተራሮች ቀይ ቀበሮ ጋርም የቅርብ ዝምድና አለው። ቀይ ቀበሮ በሕግ የተጠበቀ ብርቅዬ እንስሳ ነው፤ ካዮቲ ግን ቁጥሩ ብዙ ነው። ከአላስካ እስከ ፍሎሪዳ ይገኛል፤ ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ሳይቀር ይኖራል። በግና ጥጃ ስለሚበላ ከአርቢዎች ጋር አይስማማም። በብዙ ስቴቶች ዓመቱን ሙሉ ማደን የሚፈቀደውም በዚህ የተነሳ ነው።

ለስኮፕ ምርጫ ሁለት ነገሮች ወሳኝ ናቸው። የመጀመሪያው መጠኑ ነው። ካዮቲ ፀጉሩ ወፍራም ስለሆነ ትልቅ ይመስላል እንጂ በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ያለው ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 16 ኪሎ ነው። ልብና ሳንባው ያሉበት ቦታ ከ4 እስከ 5 ኢንች ቢሆን ነው። እንስሳው ሳይሰቃይ እንዲሞት ጥይቷ እዚያ ውስጥ ማረፍ አለባት።

ሁለተኛው አመጣጡ ነው። አዳኙ ተደብቆ ይቀመጥና የተጎዳች ጥንቸል ድምፅ የሚያሰማ መጥሪያ ይነፋል። ካዮቲው አንዳንዴ እየሮጠ መጥቶ 30 ሜትር ላይ ድንገት ብቅ ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ሽታ ለመያዝ ነፋሱን ተከትሎ በሩቅ ይዞራል። ሌላ ጊዜ 300 ያርድ ላይ (አንድ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያነሰ ነው) ቁጭ ብሎ ያያል፤ አልቀርብም ይላል። አንዱ ስኮፕ ለሁሉም መሆን አለበት።

ማዞሪያው ምንድን ነው የሚያደርገው?

ስኮፕ ላይ ሁለት ዋና ማዞሪያዎች አሉ። ሱቅ ውስጥ «ተሬት» ይሏቸዋል። ከላይ ያለው ጥይቷ የምታርፍበትን ቦታ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሳል። ከጎን ያለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ።

ጥይት ከአፈሙዝ ከወጣችበት ቅጽበት ጀምሮ መሬት ትስባታለች። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ሩቅ ያለን ነገር ለመምታት አፈሙዙ ትንሽ ቀና ማለት አለበት። ማዞሪያውን ሲያዞሩ ስኮፑ ውስጥ ያለው መስቀለኛ መስመር ይንቀሳቀሳል። መስቀሉን መልሰው ዒላማው ላይ ሲያሳርፉት አፈሙዙ የሚፈለገውን ያህል ቀና ብሏል ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ለካዮቲ በብዛት ከሚያገለግሉት ጥይቶች አንዱ .223 ሬሚንግተን ነው። 55 ግሬን የሚመዝን እርሳስ ያለው የተለመደ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ ወደ 3,240 ጫማ ይበራል። ጠመንጃው በ200 ያርድ ላይ በትክክል እንዲመታ ተስተካክሏል እንበል። ይህ ማስተካከል «ዜሮ ማድረግ» ይባላል። በ100 ያርድ ላይ ጥይቷ ከመስቀሉ ወደ አንድ ኢንች ተኩል ከፍ ትላለች። በ300 ላይ ወደ 7 ኢንች ዝቅ ትላለች። በ400 ላይ ግን ወደ 21 ኢንች ትወርዳለች። ከ300 እስከ 400 ባለው መቶ ያርድ ብቻ የ14 ኢንች ልዩነት መጣ። ማዞሪያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ኤምኦኤና ሚል ምንና ምን ናቸው?

ሁለቱም የማዕዘን መለኪያ ናቸው። የእጅ ባትሪ ግድግዳ ላይ ሲያበሩ የሚታየውን የብርሃን ክብ ያስቡ። ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር ክቡ ይሰፋል፤ ባትሪው ግን አልተቀየረም። ማዕዘንም እንዲሁ ነው። አንድ ኤምኦኤ በ100 ያርድ ላይ አንድ ኢንች ያህል ነው፤ በትክክል 1.047 ኢንች። በ200 ላይ ወደ 2 ኢንች፣ በ400 ላይ ከ4 ኢንች ትንሽ ይበልጣል።

ሚል የሚባለው ተለቅ ይላል። በ100 ሜትር ላይ 10 ሴንቲሜትር ነው። በ100 ያርድ ላይ 3.6 ኢንች።

ማዞሪያው ሲዞር «ጠቅ፣ ጠቅ» ይላል። ኤምኦኤ ስኮፕ ላይ አንዱ ጠቅታ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ኤምኦኤ ሩብ ነው። ሚል ስኮፕ ላይ የአንድ ሚል አንድ አሥረኛ ነው። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። በ400 ያርድ 21 ኢንች ለመካስ 5 ኤምኦኤ ገደማ ያስፈልጋል። ይህ 20 ጠቅታ ነው። በሚል ከሆነ ወደ 15 ጠቅታ ይሆናል። ጥይቷ የምታርፈው እዚያው ነው።

የትኛው ይሻላል ለሚለው መልሱ አጭር ነው። አብሯችሁ የሚያድነው ሰው የሚጠቀምበትን ይያዙ። እሱ «ሁለት ጨምር» ሲል ሁለታችሁም አንድ ነገር ማሰብ አለባችሁ። መጠንቀቅ ያለብዎ ሌላ ነገር ላይ ነው፦ ማዞሪያውና መስመሩ ላይ ያሉት ምልክቶች በአንድ መለኪያ መሆን አለባቸው። አንዳንድ የድሮ ስኮፖች መስመራቸው በሚል፣ ማዞሪያቸው በኤምኦኤ ነው። እንዲህ ያለውን አይግዙ። ካዮቲው ፊት ለፊትዎ ቆሞ ሳለ ሒሳብ መሥራት አይቻልም።

እውነት ማዞር ያስፈልገኛል?

ብዙ ጊዜ አያስፈልግዎትም። ከላይ ያለውን .223 እንደገና እንየው። በ200 ያርድ ዜሮ የተደረገ ጠመንጃ ከቅርብ ጀምሮ እስከ 230 ያርድ ገደማ ጥይቱ ከመስቀሉ ቢበዛ 2 ኢንች ያህል ነው የሚርቀው። ይህ ከካዮቲው የልብና የሳንባ ቦታ አያስወጣም። ማለትም እዚህ ርቀት ውስጥ መሃሉ ላይ አነጣጥሮ መተኮስ ይበቃል። እንደ .22-250 ያሉ ፈጣን ጥይቶች ይህንን ርቀት የበለጠ ያራዝሙታል።

በመጥሪያ የመጣ ካዮቲ ደግሞ በአብዛኛው በዚህ ርቀት ውስጥ ነው። ለማዞር ጊዜም አይሰጥም። የሚያድኑት ቁጥቋጦና ዛፍ በበዛበት በምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል ከሆነ ክዳን ያለው ተራ ስኮፕ ይበቃዎታል። የተረፈውን ገንዘብ ለጥይትና ለልምምድ ያውሉት።

ማዞሪያ የሚጠቅመው ሜዳው ክፍት በሆነበት አገር ነው። ምዕራብ ቴክሳስ፣ ዋዮሚንግ፣ የኮሎራዶ ምሥራቃዊ ሜዳ። እዚያ ካዮቲው 350 ያርድ ላይ ቁጭ ሊል ይችላል። ተረጋግተው ለመለካትና ለማዞር ጊዜ ያገኛሉ።

«ለመለካት» ያልኩትን ልብ ይበሉ። ርቀቱን ሳያውቁ ማዞር ከንቱ ነው። ካዮቲው 400 ላይ ሆኖ እርስዎ 350 መስሎዎት ቢያዞሩ ጥይቷ ከ6 ኢንች በላይ ዝቅ ትላለች። ወይ ትስታለች፣ ወይ ደግሞ እግሩን ትመታለች። እግሩን መምታት ከመሳት የከፋ ነው፤ እንስሳው ቆስሎ ይሄዳል። ስለዚህ የሌዘር ርቀት መለኪያ ከሌለዎት መጀመሪያ እሱን ይግዙ። እኔ ብጠየቅ ውድ ስኮፕ ያለ መለኪያ ከመግዛት መካከለኛ ስኮፕ ከመለኪያ ጋር እመርጣለሁ።

ነፋስም አለ። በሰዓት 16 ኪሎሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ያችን ጥይት በ300 ያርድ ላይ ወደ 10 ኢንች ገደማ ይገፋታል። ርቀቱ በሌዘር ይታወቃል፤ ነፋሱን ግን የሚገምተው ሰው ነው። ሳርና ቅጠል እያዩ መገመት የሚለመደው በብዙ ልምምድ ነው። የሚተኩሱበትን ርቀት የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ጥሩ ማዞሪያ በምን ይታወቃል?

ከሁሉም በላይ መመለስ አለበት። 20 ጠቅታ ወደ ላይ ሄዶ 20 ጠቅታ ሲመለስ ጥይቷ የመጀመሪያው ቦታ ላይ ማረፍ አለባት። ይህንን የማያደርግ ማዞሪያ ጨርሶ ካለማዞር ይብሳል፤ ያታልላልና።

ቀጥሎ የሚመጣው ባለበት መቆየት ነው። የካዮቲ አዳኝ ብዙ ይንቀሳቀሳል። ከመኪና ይወርዳል፣ በአጥር ሥር ይሾልካል፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ይሄዳል። ክፍት የሆነ ማዞሪያ ከልብስ ወይም ከጠመንጃ ቦርሳ ጋር እየተጋጨ ሳይታወቅ ይዞራል። አራት አምስት ጠቅታ ከዞረ የቀኑ አደን ተበላሸ። ስለዚህ ቁልፍ ያለውን ይምረጡ። ወደ ላይ ሲስቡት የሚከፈት፣ ሲጫኑት የሚቆለፍ ዓይነት አለ።

ዜሮ ስቶፕ የሚባለው ደግሞ ማዞሪያው ከዜሮ በታች እንዳይሄድ የሚያግድ ነው። ለ400 ያርድ ያዞሩትን ለመመለስ ቁጥሩን ማየት አያስፈልግዎትም። እስኪቆም ድረስ ማዞር ብቻ ነው። በንጋት ድንግዝግዝ ወይም በወፍራም ጓንት ይህ ትልቅ እረፍት ነው። ማዞሪያውን ሳይመልሱ መርሳት በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ቀጣዩ ካዮቲ 80 ያርድ ላይ ሲመጣ ጥይቷ በላዩ ታልፋለች።

የጎኑ ማዞሪያ ግን ክዳን ቢኖረው ይሻላል። ነፋስ በየደቂቃው ስለሚቀያየር አብዛኛው አዳኝ የሚክሰው ማዞሪያ በማዞር ሳይሆን መስመሩ ላይ ባሉት ምልክቶች ነው። ከላይ ክፍትና ቁልፍ ያለው፣ ከጎን ክዳን ያለው፦ ለካዮቲ ከዚህ የተሻለ አደረጃጀት አላውቅም።

ሻጮች ብዙ የሚያወሩለት አንድ ነገር አለ፤ ማዞሪያው በጠቅላላ ስንት ኤምኦኤ ይሄዳል የሚለው። 34 ሚሊሜትር የሆነ ወፍራም ቱቦ የሚወደደው በዚህ ነው። እስከ 400 ያርድ ለሚተኩስ ሰው የሚያስፈልገው 5 ኤምኦኤ ነው። ባለ 30 ሚሊሜትርም ባለ አንድ ኢንች ቱቦም ከበቂ በላይ ነው። ለማይጠቀሙበት ርቀት ገንዘብ አይክፈሉ፤ ክብደቱንም አይሸከሙ።

አንዳንድ አምራቾች በእርስዎ ጥይት ልክ የተቀረጸ ማዞሪያ ይሠራሉ። ሊዮፖልድ ከነዚህ አንዱ ነው። በኤምኦኤ ፋንታ «3» እና «4» ተብሎ 300ና 400 ያርድ ይጻፍበታል። ፈጣንና ቀላል ነው። ግን ለአንድ ጥይት ብቻ ነው። ሌላ ጥይት ከገዙ ቁጥሩ ይሳሳታል። የአካባቢው ከፍታም ለውጥ ያመጣል። ዴንቨር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጥይቷ ሂውስተን ላይ ካለው ያነሰ ነው የምትወርደው። በቅርብ ርቀት ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ርቀቱ ሲጨምር ግን ያድጋል።

ስንት ጊዜ የሚያጎላ ልግዛ?

ትልቁን ቁጥር ከማየትዎ በፊት ትንሹን ይዩ። 3 ጊዜ የሚያጎላ ስኮፕ በ100 ያርድ ላይ ወደ 10 ሜትር ስፋት ያሳያል። 12 ጊዜ ሲያጎላ ከ3 ሜትር ትንሽ ያነሰ ብቻ ነው የሚታየው። 40 ያርድ ላይ እየሮጠ ለሚመጣ ካዮቲ 12 ጊዜ ላይ የተተወ ስኮፕ ውስጥ የሚታየው ፀጉር ብቻ ነው። ከታች 2.5 ወይም 3፣ ከላይ ከ10 እስከ 15 የሚደርስ ለዚህ ሥራ በጣም ጥሩ ነው። ተቀምጠው ሲጠብቁ ሁልጊዜ ትንሹ ላይ ያድርጉት። ሩቅ የቆመ ካዮቲ ለማጉላት ጊዜ ይሰጣል፤ ቅርብ የመጣው አይሰጥም።

የፊት ሌንሱ ከ40 እስከ 50 ሚሊሜትር ቢሆን ይበቃል። ካዮቲ በንጋትና በምሽት ስለሚንቀሳቀስ ብርሃን ያስፈልጋል። የሌንሱን ስፋት ለሚያጎላው ቁጥር ሲያካፍሉት ወደ ዓይን የሚደርሰውን የብርሃን ክብ ስፋት ያገኛሉ። 50 ሲካፈል ለ10፣ 5 ሚሊሜትር ነው። ይኼው ስኮፕ 20 ጊዜ ሲያጎላ ግን 2.5 ብቻ ይቀራል። ምስሉ የሚጨልመው ለዚህ ነው። ሲመሽ የማጉሊያውን ቁጥር ዝቅ ያድርጉ።

አንደኛና ሁለተኛ ፎካል ፕሌን የሚሉት ምንድን ነው?

ጥያቄው መስመሩ ላይ ያሉትን ምልክቶች ይመለከታል። በአንደኛው ዓይነት ሲያጎሉ ምልክቶቹም አብረው ያድጋሉ። ስለዚህ በየትኛውም ቁጥር ላይ ልኬታቸው ትክክል ነው። ችግሩ ትንሹ ቁጥር ላይ መስመሩ ስለሚቀጥን በድንግዝግዝ አይታይም። መሃሉ በባትሪ የሚበራ ከሆነ ይህ ይቃለላል። በሁለተኛው ዓይነት መስመሩ ሁልጊዜ አንድ መጠን ነው፤ ጎልቶ ይታያል። ምልክቶቹ ግን በአንድ ቁጥር ላይ ብቻ ነው ትክክል የሚሆኑት፤ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ላይ። በግማሹ ላይ ካደረጉት እያንዳንዱ ምልክት እጥፍ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ይህ ልዩነት ማዞሪያውን አይነካም። አንድ ጠቅታ በ3ም በ15ም ያው አንድ ጠቅታ ነው። ስለዚህ ለከፍታ ማዞሪያ የሚጠቀም ሰው በሁለተኛው ዓይነት አይጎዳም፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ረከስ ይላል። ለነፋስ ምልክቶቹን ሲጠቀም ግን ስኮፑ የትኛው ቁጥር ላይ እንዳለ ማስታወስ አለበት።

ፓራላክስ የሚለውንም ይሰማሉ። ዓይንዎ ከስኮፑ መሃል ትንሽ ሲንቀሳቀስ መስቀሉ ዒላማው ላይ የሚንሸራተት መምሰሉ ነው። ብዙ ቀለል ያሉ ስኮፖች በ100 ወይም በ150 ያርድ ላይ ተስተካክለው ይመጣሉ፤ ለቅርብ ርቀት ደህና ናቸው። ከ300 በላይ ለሚተኩስ በግራ ጎን የራሱ ማስተካከያ ያለው ይሻላል።

ከመግዛቴ በፊት ስለ ሕጉ ምን ልወቅ?

ሕጉ በየስቴቱ ይለያያል። ለምሳሌ ቴክሳስ ውስጥ ከመስከረም 2 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተወለደ አዳኝ የአዳኝነት ትምህርት መውሰድ አለበት። ኮሎራዶ ውስጥ ከጥር 1 ቀን 1949 ጀምሮ የተወለደን ይመለከታል። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ወዲህ በእርሳስ ጥይት ማደንን ከልክላለች፤ ጥይት ሲቀየር ደግሞ ዜሮውም የማዞሪያው ቁጥርም ይቀየራል።

የኢሚግሬሽን ሁኔታም ይታያል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራሉ ሕግ በዚህ ምክንያት ጠመንጃ ከመያዝ አይከለከልም። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመርህ ደረጃ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ አይችልም። ካሉት ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ከስቴት የተሰጠ፣ ጊዜው ያላለፈበት የአደን ፈቃድ ነው። የእርስዎ ጉዳይ ከእነዚህ የተለየ ከሆነ ከመግዛትዎ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

አገር ቤት ላለ ዘመድ ስኮፕ በሻንጣ ልውሰድ ለሚል ሰውም አንድ ቃል። የጠመንጃ ስኮፕ በአሜሪካ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ሥር ነው። ወደ ውጭ ለመላክ በአብዛኛው ከንግድ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ይጠይቃል። እንደ ተራ ዕቃ አይቁጠሩት።

ከገዛሁ በኋላ እንዴት ልፈትነው?

መጀመሪያ በደንብ ይታሰር። ስኮፕ ተበላሸ ከሚባሉት ብዙዎቹ ችግራቸው የላላ ማሰሪያ ነው። ብሎኖቹን አምራቹ በጻፈው ልክ በመለኪያ ቁልፍ ያጥብቁ። ከልክ በላይ ማጥበቅም ቱቦውን ይጎዳል። ስኮፑ ወደ ጎን ያዘመመ እንዳይሆንም ይዩ።

ከዚያ ወደ ተኩስ ሜዳ ይሂዱ። ረጅም ካርቶን በ100 ያርድ ላይ ያቁሙ። በቱንቢ ቀጥ ያለ መስመር ከላይ እስከ ታች ያስምሩ። ከታች ነጥብ ያድርጉና ጠመንጃዎን እዚያ ላይ ዜሮ ያድርጉ። አሁን 20 ኤምኦኤ ወደ ላይ ያዙሩ፤ ግን ያነጣጥሩ የነበረው ነጥብ ላይ እንደገና ያነጣጥሩ። ጥይቶቹ ወደ 21 ኢንች ከፍ ብለው መስመሩ ላይ ማረፍ አለባቸው። 19 ላይ ካረፉ ማዞሪያው የሚናገረውን ያህል አይሄድም ማለት ነው። ከመስመሩ ወደ ጎን ከወጡ ስኮፑ አዘምሞ ታስሯል።

መጨረሻ ላይ ወደ ዜሮ መልሰው ሦስት ጥይት ይተኩሱ። መጀመሪያ የመቱት ነጥብ ላይ ካረፉ ስኮፑ ለአደን ዝግጁ ነው። ካላረፉ ማሰሪያውን ፈትሸው አንድ ጊዜ ይድገሙት። አሁንም ካልተመለሰ ዋስትናው ሳያልቅ ለሱቁ ይመልሱት።